ቀይ የተሰመረበት ሰላምታ

በዚያ ትምህርት ያገኘሁት ኤ ነው። ማንም እንዳይሳሳት፤ ወድቄበት ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው። ከክፍሉ ሁሉ በልጬ ነው ያለፍኩት። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ትምህርቱ መዝገብ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ እኛ «ኮሙኒኬሽን» እንለው ነበር። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ ነው የሚያስተምረው። አስተማሪያችን አቶ ሙሉሃብት ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሸሚዛቸው ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰኩ ሰው ነበሩ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። አንባቢህን እወቅ። ጉዳይህን አስቀድም። ትርፉን አውጣ።

እኔ ሦስተኛውን ተማርኩ።

አሁን ስለ ደርበው ልንገራችሁ። ደርበው አረጋ የብልባላ ሰው ነው፤ ላሊበላ ላይ በቅሎ ያከራይ ነበር። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄደውን ተሳላሚ፣ ፈረንጅ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ፈረንጁን፣ ዳማ በቅሎው ላይ አስቀምጦ እሱ በእግሩ ይከተላል። እናቴ ወይዘሮ ይማርሽ ስድስት አልጋ ያለው ሆቴል ነበራት፤ እንግዳዋን ተራራ አሻግሮ የሚያደርስላት እሱ ነው። ለእንግዳዋ ታምነዋለች። ለልጇ ግን አታምነውም።

«ከበቅሎ ኋላ የሚኖር ሰው!» ትለኝ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ጭራ ስታዪ እንድትኖሪ ነው?»

«እኔ የማየው ፊቱን ነው፣ እማ።»

«ችግሩስ እሱ አይደል?»

አንድ ቀን እኔንም በዚያች በቅሎ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወስዶኛል። የጥዱ ጫካ ውስጥ ስንገባ መንገዱ ጠበበና ልጓሙን ይዞ ከፊት ለፊቴ ይሄድ ጀመር። ቅርንጫፍ በመጣ ቁጥር በእጁ ገፋ አድርጎ ይይዝልኛል፤ እኔ እስካልፍ ድረስም ቀና ብሎ ያየኛል። የዚያን ቀን ስንት ቅርንጫፍ እንደነበረ አላውቅም። የማውቀው ጫካው በማለቁ መናደዴን ነው።

ደርበው የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለው። ማኅተም ያለበት፣ በሥነ ሥርዓት የተሰጠ። ስሙን ይጽፋል፤ ከዚያ በላይ ምንም ማንበብ አይችልም። የዘመቻው ሪፖርት ግን ማንበብ ይችላል ይላል፤ ያንን ሪፖርት የጻፈው ሰውም እንደ እኔ ኤ ያገኘ መሆን አለበት። ስለዚህ ደብዳቤዬን የሚያነቡለት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ መልሱንም የሚጽፉለት እሳቸው።

በእኛ አገር ደብዳቤ ማለት ሰላምታው ነው። እኔም እንደ አገሬ ነበር የምጽፍለት። አንድ ገጽ ተኩል ያህል የሰው ጤና እጠይቃለሁ። እናቱን እማ ትሁንን በስማቸው፣ ከነጉልበታቸው ሕመም፤ እህቱን ፀሐይቱን ከነልጆቿ፤ ጎረቤቱን፣ የክርስትና አባቱን፣ መሪጌታን ራሳቸውን። ዳማዋን በቅሎ ሳልጠቅስ አልቀርም። የሁሉንም ጠይቄ ስጨርስ በመጨረሻ ስለ ራሴ አንድ መስመር፦ «እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።»

ደርበው ይህን ሁለት ጊዜ ያስነብባቸው ነበር።

«እኔ ዜማና ቅኔ የተማርኩት ለበቅሎ ሰላምታ ላደርስ ነው እንዴ?» ይላሉ መሪጌታ።

«ግዴለም መሪጌታ፣ እሷም ታመሰግንዎታለች» ይላል ደርበው፤ እሳቸውም እየሳቁ እንደገና ያነባሉ።

*

በዚያ ዓመት ላስታ ዝናብ አላየም። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ የሚደርሰው ወሬ ሁሉ የሞት ሆነ። ሰፈራ የሚባለውም ያኔ ተጀመረ፤ ተመዝገቡ፣ ወደ ምዕራብ ለም መሬት ትሄዳላችሁ ይባላል። የሄደ ሰው ሲመለስ ግን አልተሰማም። እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ደርበው እንዳይመዘገብ። የካቲት ላይ ለዕረፍት እመጣለሁ፣ እስከዚያ ጠብቀኝ፣ እናቴ ፈቀደችም አልፈቀደችም እንጋባለን ልለው ነበር የፈለግሁት። ሌሊቱን ሙሉ ጽፌ ሦስት ገጽ ሆነ።

በማግስቱ አቶ ሙሉሃብት የቤት ሥራ ጠየቁ። «ከዚህ በፊት የጻፋችሁትን እውነተኛ ደብዳቤ አምጡና በትምህርቱ መሠረት አርሙ» ብለው ነበር። ሌላ አልነበረኝም፤ የደርበውን ሰጠሁ።

ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። ስሜን አልጠሩም፤ ግን ማን ከላስታ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። «የእማ ትሁን ጉልበት እንዴት ነው» ላይ ሲደርሱ ሳቅ ተጀመረ። ዳማዋ በቅሎ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«በቅሎዋ መልስ ጻፈች ወይ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ጠብ እወዳለሁ። በክፍል ክርክር የምፈራው ሰው አልነበረም፤ ለማይረባ ነገር ተነሥቼ እጮሃለሁ። ያን ቀን ግን አልተነሣሁም። አብሬያቸው ሳቅሁ። ደርበው ቅርንጫፍ የያዘልኝ ሴት፣ እማ ትሁን ከጎናቸው አስቀምጠው ያበሉኝ ሴት፣ የማላውቀው ነገር የተነበበ ይመስል ጥርሴን አሳየሁ።

አቶ ሙሉሃብት ወረቀቱን ሲመልሱልኝ አንድ ገጽ ተኩሉ በሙሉ በቀይ ተሰርዟል። ዳር ላይ «ትርፍ» የሚል ተጽፎበታል። አሳጥሬ በሁለት ቅጂ እንደገና ጻፍኩት። ይኸው እንዳለ፦

«ቀን፦ ታኅሣሥ 8 ቀን 1977 ዓ.ም.
ለደርበው አረጋ
ጉዳዩ፦ ስለ ወደፊት ሁኔታ
ከላይ የተጠቀሰውን ጉዳይ በሚመለከት፦
1ኛ/ ለጊዜው ባለህበት እንድትቆይ፤
2ኛ/ ለሰፈራ ስምህን እንዳታስመዘግብ፤
3ኛ/ ቀሪው ጉዳይ በየካቲት ወር በአካል በመገናኘት የሚወሰን ይሆናል።
ዓለምእሸት ውቤ»

«አሁን ግልጽ ሆነ!» ብለው ጻፉ አቶ ሙሉሃብት፣ ለእሳቸው በሰጠሁት ቅጂ ላይ። ኤ።

በማግስቱ ጧት እህል የሚጭን ሾፌር ወደ ሰሜን ይሄዳል ተባለ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ ሌላ መኪና መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ሦስት ገጽ እንደገና ለመጻፍ ጊዜ አልነበረኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ቀይ የተሰመረበትን ወረቀት እንዳለ መላክ እችል ነበር። አፈርኩበት። አጭሩን ላክሁ። «ይገባዋል» አልኩ ለራሴ። ኮርቼም ነበር፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ።

*

የካቲት ላይ በእህል መኪና ፍላቂት ከተማ ወረድኩ። ወደ ላስታ በእግር የሚገቡ ሰዎች እዚያ ይገኛሉ ስለተባልኩ ነው። ገብስ የሚሰፈርበት የገበያ ሜዳ ላይ ገብስ የለም፤ ሰው ብቻ ተቀምጦበታል። አንዱ ሲያስል ሌላው ይቀጥላል እንጂ የሚያወራ የለም። ከሜዳው ዳር፣ ነጭ ጥምጥማቸው አቧራ የመሰለ ሽማግሌ አየሁ።

«መሪጌታ!» ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ሁልጊዜ አገላብጠው የሚስሙኝ ሰው እጃቸውን እንኳ አላነሡልኝም።

«መጣሽ?»

«መጣሁ። እንደምን ከረሙ? ደርበውስ? እማ ትሁንስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«አሁን ማን አልሽ?»

«እማ ትሁን። የደርበው እናት።»

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አልሰማሽም እንዴ?»

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነበር ያረፉት። ደርበው ሰልስቱን አውጥቶ ወዲያው ደብዳቤ አጽፏል፤ «እናቴን ቀበርኳት፤ በዓለም ላይ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ። መሪጌታ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፤ ወደ ወልድያ ለሚሄድ ነጋዴም ሰጥተውታል። እኔ ጋ አልደረሰም። እስከ ዛሬም አልደረሰም።

«መልስሽ የመጣው በገና ሰሞን ነው» አሉ።

«መልስ አልነበረም፣ መሪጌታ! ሳልሰማ የጻፍኩት ነው።»

«እኛ ምን እናውቃለን? መልስ ነው ብለን ተቀበልነው። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጥን። ሰው ከበበን፤ እንዴት ታጽናናው ይሆን ብሎ። ከፈትኩት። ሰላምታ የለውም። በእኛ አገር ሰላምታ የሌለው ወረቀት መርዶ ነው፤ አለዚያም የመንግሥት ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። መርዶውን ቀድሞ ቀብሮታል። እንግዲህ የመንግሥት ነው ብዬ አነበብኩት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ስጨርስ ‹ሰላምታው የታለ?› አለኝ። የለም አልኩት። ‹ይገልብጡት እስቲ› አለኝ።»

መሪጌታ ባዶ መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩኝ።

«ገለበጥኩት። ባዶ ነው። ‹እናቴን አላነሣችም?› አለ። አላነሣችም አልኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። በሳምንቱ ተመዘገበ።»

ያኔ ገባኝ። እንደ ድሮዬ «የእማ ትሁን ጉልበት እንዴት ነው» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ መሪጌታ ያንን መስመር ባነበቡበት ቅጽበት ቅጥሩ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ «ወየው፣ አልሰማችም!» ይል ነበር። ደርበውም ለእኔ ያለቅስ ነበር እንጂ በእኔ አያለቅስም ነበር። አቶ ሙሉሃብት ትርፍ ያሉት መስመር እሱ ነው። ከሦስቱ ገጽ ውስጥ ቁም ነገር የነበረው እዚያ ብቻ ነበር።

«የት ነው ያለው?» አልኳቸው።

መሪጌታ ከዘራቸውን አንሥተው ለሰፈራ የተመዘገበው ሰው ወደሚጠብቅበት የሽቦ አጥር ጠቆሙ። «ምእመኖቼን ልሸኝ ነው ሦስት ቀን በእግሬ የመጣሁት። ዛሬ ይጭኗቸዋል። አብሽሪ ልጄ፣ ቶሎ ሂጂ።»

*

በሩ ላይ የቆመው ካድሬ አላስገባም አለኝ። ጮህኩ። ሰደብኩት። «እናንተ ሰው ትጭናላችሁ ወይስ ከረጢት?» አልኩት። ዘበኛውን ጠራ። እንደሚያስረኝ ሳውቅ ደብተሬን አወጣሁና ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፦ «ጉዳዩ፦ ከተመዝጋቢ ጋር ለአሥራ አምስት ደቂቃ ለመነጋገር ፈቃድ ስለመጠየቅ።» ሁለት መስመር፣ ቀን፣ ፊርማ።

አነበበው። ፊቱ ፈካ። «እንዲህ ነው መጻፍ!» አለ። «ሰው ሁሉ እንዲህ ግልጽ ቢሆንልን ሥራችን በቀለለ ነበር። ግቢ፣ ጓድ።»

ትምህርቴ ሠራ። በዚያ ዓመት የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሠራውም ለዚህ ነው።

ደርበው አንድ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የለበሰው የእናቱን ጋቢ ነው። ጉንጩ ጎድጉዶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። አየኝ፤ አልተነሣም።

«አንደኛ፣ ባለህበት ቆይ አልሽኝ» አለ። በቃሉ ይዞታል። «ሁለተኛ፣ አትመዝገብ አልሽኝ። ሦስተኛው ‹የሚወሰን ይሆናል› ይላል። ማነው የሚወስነው አልኳቸው መሪጌታን። አይልም አሉኝ።»

«ደርበው...»

«ማነው፣ ዓለሜ? ማነው የሚወስነው?»

«እማ ትሁን መሞታቸውን አሁን ነው የሰማሁት!» ጮህኩ። «አሁን! እዚያ ገበያው ላይ! ደብዳቤህ አልደረሰኝም። እንዴት ናቸው ብዬ መሪጌታን ጠየቅኋቸው፤ ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ አልኩ!»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ያ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ይዞ የሚያየኝ ዓይን ነው፤ እስካልፍ የሚጠብቀኝ።

«ጉልበቷን አልሽ?»

«ጉልበታቸውን።»

ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ሲናወጥ አየሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደብተሬ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥቼ ሦስቱን ገጽ ጭኑ ላይ ዘረጋሁለት።

«መጀመሪያ የጻፍኩልህ ይሄ ነበር።»

በጣቱ ነካው። «ይሄ ቀዩ ምንድን ነው? ደም ይመስላል።»

«አስተማሪዬ ነው። ትርፍ ነው ብሎ ሰረዘው።»

«ምኑ ነው ትርፉ?»

«ሰላምታው።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ይህንን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። ልዋሸው እችል ነበር፤ ተከራከርኩት ልለው እችል ነበር፤ ጠበኛ መሆኔን ስለሚያውቅ ያምነኛል።

«ሳቅሁ» አልኩት። «ክፍሉ ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ።»

ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር። እጄን ያዘና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው።

«እንሂድ» አልኩት። «ና ውጣ። ከመዝገብ ሰርዙት ብዬ እጽፍላቸዋለሁ፤ መጻፍ እችላለሁ፣ አየህ ሲያስገባኝ! አዲስ አበባ እንሂድ።»

«ፀሐይቱ ትናንት ሄደች።»

«ምን?»

«ከነልጆቿ። ባሏ በጥር ሞተ። በእኔ ስም ነው የተመዘገበችው። አልሄድም ስትል እኔ ነኝ በነጋታው እከተልሻለሁ ብዬ መኪና ላይ ያወጣኋት። ትንሹ ልጇ እስከ መጨረሻው በእጁ ይጠራኝ ነበር።»

«እኔስ?» አልኩት። ስናገረው አስቀያሚነቱ ተሰማኝ፤ ግን ተናገርኩት። «እኔስ፣ ደርበው?»

«አንቺ አልጋ አለሽ። እናት አለሽ። ደብተር አለሽ።»

«ደብተሩ ይቃጠል!»

«አይቃጠል» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከፊቱ ይሰፋ ነበር። «ሰላምታዬን ያቆየልኝ እሱ አይደል?»

«የት ነው የሚወስዷችሁ? አድራሻው ምንድን ነው? እጽፍልሃለሁ።»

«ምዕራብ አሉን።»

«ምዕራብ አድራሻ አይደለም!»

«እኔም እንዲያ ብያቸው ነበር።» ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሰጠኝ። አጭሩ ደብዳቤ ነው። «ይሄንን ያንቺን ውሰጂው። ያኛውን ለእኔ ተዪልኝ።»

«ማን ያነብልሃል?»

«ካህን አይጠፋም። ባይኖርም ግድ የለም፤ የቱ ጋ ምን እንዳለ አሁን ታሳዪኛለሽ። እስቲ አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው።»

ፊሽካ ተነፋ። ሰው መነሣት ጀመረ። አልተንቀሳቀስንም። አነበብኩ።

«ለማከብርህና ለምወድህ ለደርበው አረጋ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እንደምን ከርመሃል?»

«ደህና ነኝ» አለ። ለወረቀቱ ነው የመለሰው።

ጣቱን ይዤ ቀዩ መስመር ላይ አሳረፍኩለት። «እናትህ እማ...»

ቆምኩ።

«ቀጥዪ» አለ።

«እናትህ እማ ትሁን...»

«ቀጥዪ፣ ዓለሜ። እሷም ትስማ።»

ድምፅ አልወጣልኝም። ከንፈሬ «እንደምን ናቸው» እንዲል አዘዝኩት፤ አልታዘዘም። ዘበኛው መጥቶ ትከሻውን ያዘው። ደርበው ሦስቱን ገጽ አጥፎ ጋቢው ውስጥ፣ ደረቱ ላይ አስገባ። ግንባሬን ሳመኝ፤ ከንፈሩ ደረቅ ነበር። ከሰዉ ጋር ሄደ። መኪናው ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፣ መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ። ሌላ ሰው ቢያየው ቻው የሚል ይመስለዋል። ቅርንጫፍ እየያዘልኝ ነበር።

*

አቧራው እስኪቀመጥ ድረስ ገበያው ዳር ቆምን፤ እኔና መሪጌታ።

«ሰላምታውን ሰጠሽው?» አሉኝ።

«ጀመርኩለት። እናቱ ላይ ቀረሁ።»

«እንግዲያስ ጨርሺው» አሉ። «የተጀመረ ሰላምታ መሐል ላይ አይተውም።»

ወደ ምዕራብ ዞርኩ። በቃሌ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የጻፍኩት ነው። «እናትህ እማ ትሁን እንደምን ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?» አልኩ፤ አሁን ወጣልኝ። ፀሐይቱን ከነልጆቿ ጠራሁ። ጎረቤቱን ጠራሁ፤ መሪጌታ በቀስታ «እሱም አርፏል» አሉ። የክርስትና አባቱን ጠራሁ፤ መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ዳማዋን በቅሎ ጠየቅሁ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሷም በጥቅምት ሞታለች። አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ የማይመልሱልኝን ሁሉ ጤና ጠየቅሁ።

በመጨረሻ የቀረው የእኔው መስመር ነበር። መሪጌታ ይጠብቁኛል። ያቺ አጭር ወረቀት መዳፌ ውስጥ ረጥባለች።

«እኔ ከናፍቆትህ በቀር...» አልኩ።

ቀጣዮቹን ሁለት ቃላት ልላቸው አልቻልኩም።